ሐይቁ ሲሞላ በግማሽ ፍጥነት መንዳት ለምን መፍትሔ አይሆንም

ጥያቄ፦ "6 ሜትር ርዝመት ያላት ሞተር ጀልባ አለችኝ። ከሰሞኑ ዝናብ በኋላ ሐይቃችን ከወትሮው ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። አስተዳደሩ በሐይቁ ሁሉ ላይ 'ሞገድ በማያስነሳ ዝቅተኛ ፍጥነት ብቻ' የሚል ትእዛዝ አውጥቷል። የሐይቁ ስፋት ወደ 800 ሜትር ነው። ብዙውን ጊዜ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው የምነዳው። አሁን ወደ 20 ዝቅ ብዬ መሀል መሀሉን ብሄድ ማንን እጎዳለሁ? ውሃው ሲጨምር ጥልቀቱም ይጨምራል፤ ታዲያ ለጀልባ ይበልጥ አይመችም? ዝናቡ ካቆመ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ገደቡ ግን እስካሁን አልተነሳም።"

መልስ፦ 20ን ይተዉት። ከ40 ወደ 20 ሲወርዱ ሞገዱ አይቀንስም። ለእንደርስዎ ዓይነት ጀልባ ከሁሉ የከፋው ፍጥነት እንዲያውም እሱ አካባቢ ነው። ብዙ ሰው በቅን ልቦና የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

መኪና ሲነዱ ፍጥነት በቀነሱ ቁጥር አደጋውም ይቀንሳል። ጀልባ ላይ ነገሩ እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም። ጀልባ ውሃ እየገፋች ስትሄድ ከፊቷም ከኋላዋም ሞገድ ታስነሳለች። ፍጥነቷ ሲጨምር የሞገዱ ርዝመትም ይጨምራል። ሞገዱ የጀልባዋን ርዝመት ያህል ሲሆን ጀልባዋ ራሷ በፈጠረችው ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። ይህ በስንት ፍጥነት እንደሚሆን በግምት ማስላት ቀላል ነው። ውሃ የሚነካውን የጀልባዋን ርዝመት በሜትር ይውሰዱ፣ ስኩዌር ሩቱን ያውጡ፣ በ4.5 ያባዙት። ለ6 ሜትር ጀልባ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል።

ከዚያ በላይ ነዳጅ ሲሰጧት አፍንጫዋ ወደ ላይ ይነሳል፣ ኋላዋ ይሰምጣል። ጀልባዋ የራሷን ሞገድ ለመውጣት ዳገት እንደያዘ መኪና ትታገላለች። የሞተሩ ጉልበት አብዛኛው የሚሄደው ጀልባዋን ወደፊት ለመግፋት ሳይሆን ውሃውን ለማንሳት ነው። ትልቁ ሞገድ የሚወጣው ያኔ ነው። ፍጥነቱ የበለጠ ሲጨምር ጀልባዋ ከውሃው ቀና ብላ ከላይ ከላይ መንሸራተት ትጀምራለች፣ ሞገዱም ጥቂት ይቀንሳል። በ40 የሚሄዱት እንዲህ እየተንሸራተቱ ነው። በ20 ግን ከሁለቱም ሳይሆኑ መሀል ላይ ይቀራሉ። ትክክለኛው ቁጥር እንደ ጀልባዋ ቅርጽና ጭነት ከፍ ዝቅ ይላል። አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ከፊት ያለው ውሃ ከተከለለብዎት ግን እዚያ ፍጥነት ውስጥ እንዳሉ ይወቁት።

ይህን ስል "እንግዲያው በ40 ልንዳ" ማለቴ አይደለም። በ40 የሚወጣውም ሞገድ ለተሞላ ሐይቅ ብዙ ነው። ደግሞም 40 ላይ ለመድረስም ሆነ ከ40 ለመቆም በ20 ማለፍ ግድ ነው። ስለዚህ ከ11 በታች፣ ያውም በደንብ በታች፣ ከመሆን ሌላ ምርጫ የለም።

ትእዛዙ በኪሎ ሜትር ሳይሆን "ሞገድ የማያስነሳ" በሚል ቃል የተጻፈውም ለዚህ ነው። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት ሕግ ይህን ሲተረጉም፣ መሪው መታዘዝ ሳያቆም ጀልባዋ ልትሄድ የምትችልበት ዝቅተኛው ፍጥነት ይለዋል። የሚኒሶታ ሕግ በዚያው ላይ ጣሪያ ይጨምርበታል፤ በምንም ዓይነት በሰዓት ከ5 ማይል፣ ማለትም ከ8 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። 8 ጣሪያ እንጂ የተፈቀደ ፍጥነት አይደለም። 3 ሜትር ብቻ ርዝመት ያላት ትንሽ ጀልባ በ8 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ራሷ ጉድጓድ ውስጥ የምትገባበት ፍጥነት ላይ ደርሳለች። ዋናው መለኪያ የፍጥነት መቁጠሪያው ሳይሆን ከኋላዎ ያለው ውሃ ነው። ዞር ብለው ይዩ። ነጭ አረፋ ወይም ተከታትሎ የሚሄድ ጉብታ ካለ ገና ፈጥነዋል።

"መሀል መሀሉን ብሄድ" ያሉት ደግሞ ሁለተኛው ስህተት ነው። ሞገድ ርቀት ሲጨምር መዳከሙ እውነት ነው። ግን ሰው እንደሚያስበው ቶሎ አይዳከምም። በጥልቅ ውሃ ላይ ከጀልባ ግራና ቀኝ የሚወጣው ሞገድ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ቁመቱ የሚቀንሰው በአንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ቁመቱ በግማሽ እንዲወርድ ርቀቱ ስምንት እጥፍ መሆን አለበት። የሐይቅዎ ስፋት 800 ሜትር ከሆነ ትክክለኛው መሀል ላይ ቢሆኑ እንኳ ዳርቻው 400 ሜትር ላይ ነው። ከዳር 50 ሜትር ርቀው ቢነዱ ከሚደርሰው ሞገድ ጋር ሲነጻጸር ያተረፉት ግማሽ ቁመት ብቻ ነው። ሞገዱም ወደ ሁለቱም ዳር ይሄዳል፤ አንዱን ወገን ልጠብቅ ሲሉ ሌላውን ይመታሉ።

ሰው ከኋላቸው በሚነሳው ሞገድ ላይ በጣውላ ቆሞ እንዲንሸራተት ሆን ብለው ትልቅ ሞገድ የሚሠሩ ጀልባዎች ደግሞ ይለያሉ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ የእነዚህ ጀልባዎች ሞገድ፣ ተራ የመዝናኛ ጀልባ በ60 ሜትር ርቀት ላይ ወደሚያደርሰው መጠን ዝቅ ለማለት ከ150 ሜትር በላይ መጓዝ እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። ያ ሐይቁ ልኩ ላይ ባለበት ጊዜ ነው። እንዲህ ዓይነት ጀልባ ያለው ሰው ካወቁ፣ ይህን መልስ ያሳዩልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ያው ሞገድ ሐይቁ ሲሞላ ለምን የባሰ ጉዳት ያደርሳል?

ሐይቅ ዳርቻውን ለብዙ ዓመታት ቀስ እያለ ያበጀዋል። ውሃው ዘወትር በሚቆምበት ከፍታ ላይ ድንጋይና ጠጠር ይከማቻል፣ ሸምበቆና ፊላ ይበቅላል፣ የዛፍ ሥር አፈሩን ቀፍድዶ ይይዛል። ሞገድ እዚያ መጥቶ ሲሰበር ጉልበቱ በጠጠሩና በሸምበቆው ያልቃል። ውሃው ግማሽ ሜትር ከፍ ሲል ግን ይህ ሁሉ መከላከያ ከውሃው በታች ይቀራል። ሞገዱ በላዩ አልፎ፣ ከዚህ በፊት ሞገድ ነክቶት የማያውቀውን ባዶ አፈር ይመታል።

በቁጥር እንየው። ሞገድ የሚሰበረው የውሃው ጥልቀት ከራሱ ቁመት ብዙም ወደማይበልጥበት ቦታ ሲደርስ ነው፤ 1.3 እጥፍ አካባቢ ማለት ነው። 25 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሞገድ 32 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ሲደርስ ይፈርሳል። በደህናው ጊዜ ይህ ቦታ ከዳር ራቅ ብሎ ጠጠሩ ላይ ይሆናል። አሁን እዚያው ጠጠር ላይ ያለው ጥልቀት ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ሞገዱ አይሰበርም፤ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ አፈሩ ግድግዳ ድረስ ይመጣል። "ውሃው ሲጨምር ጥልቀቱም ስለሚጨምር ይመቻል" ያሉት ለጀልባዎ ሆድ ልክ ሊሆን ይችላል። ለዳርቻው ግን ጉዳቱን ያመጣው ያው ጥልቀት ነው።

የሞገድ ጉልበት ከቁመቱ ጋር እኩል እንደማይጨምርም ልብ ይበሉ። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ10 እና በ25 ሳንቲ ሜትር ሞገድ መካከል ያለው ልዩነት በዓይን ሲታይ ትንሽ ነው፤ በጉልበት ግን ከስድስት እጥፍ በላይ ነው።

አፈሩም እንደ ወትሮው አይደለም። ለሳምንታት ውሃ ጠጥቷል። ከብዷል፣ ላልቷል፣ እርስ በርስ የሚያያይዘው ኃይል ደክሟል። ሞገድ ከሥሩ ሲቦረቡረው ለጊዜው ቆሞ ሊታይ ይችላል። ከዚያ ሐይቁ ሲወርድ፣ አፈሩን ከፊት ደግፎት የነበረው ውሃ ይሄዳል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ገና አልወጣም። ዳርቻው ተገምሶ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። በዚያ ቀን ሐይቁ ላይ አንድም ጀልባ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ "ነድቼ አለፍኩ፣ ምንም አልሆነም" የሚለው ማስረጃ አይሆንም። የእርስዎ ሞገድ ሥራውን የጨረሰው ከሳምንታት በፊት ነው።

የተገመሰው አፈር ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ውሃውን ያደፈርሳል። ከአፈሩ ጋር ፎስፎረስ ይገባል፣ ፎስፎረሱ አልጌ ይመግባል። ውሃው ዳር ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች አሉ፤ ውሃው ሲሞላ ጎጆአቸው ከውሃው በጣት ውፍረት ብቻ ከፍ ብሎ ሊቀር ይችላል። እንቁላሉን ለመውሰድ አንድ ሞገድ ይበቃል። ከሁሉ በላይ ግን ሰዎቹን ያስቡ። ውሃ ደጃፋቸው የደረሰባቸው፣ አሸዋ በጆንያ ሞልተው የደረደሩ ቤተሰቦች አሉ። የቆመ ውሃ ያልደፈረውን የጆንያ ድርድር ሞገድ ዘሎ ይገባል። እነዚህ ሰዎች ቀንና ሌሊት የሚጠብቁት የውሃውን ከፍታ ነው፤ እርስዎ በ20 ሲያልፉ ያ ከፍታ ለጥቂት ደቂቃ ይለወጥባቸዋል።

ለእርስዎ ራስዎ ያለው አደጋም ቀላል አይደለም። ሐይቅ ሲሞላ ዳር የነበረውን ግንድና ጣውላ ሁሉ ያነሳል። ውሃ የጠጣ ግንድ ደግሞ ተንሳፎ አይታይም፤ ከውሃው ልክ በታች ይጋደማል። የእንጨት መረማመጃዎች ይሰጥማሉ። መንገድ የሚያመለክቱ ተንሳፋፊ ምልክቶች ከቦታቸው ይሸሻሉ። በድልድይ ሥር የሚያልፉ ከሆነ ክፍተቱ ግማሽ ሜትር ቀንሷል። አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅዎ፦ የኤሌክትሪክ መስመር የተዘረጋበት መረማመጃ ውሃ ውስጥ ከገባ፣ ኃይሉ ከዋናው ማብሪያ ማጥፊያ መዘጋቱ ሳይረጋገጥ ማንም ሰው በአካባቢው ውሃ ውስጥ አይግባ። ውሃ ውስጥ የሚፈስ ኤሌክትሪክ አይታይም። ጡንቻን ያስርና ዋናተኛን ያሰምጣል።

ገደቡ ለምን አልተነሳም ላሉት፣ ዝናብ መቆሙና ሐይቅ መውረዱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐይቅ ሰፊ ገንዳ ነው፣ መውጫው ግን ጠባብ። ለምሳሌ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሐይቅ በግማሽ ሜትር ከፍ አለ እንበል። የተጨመረው ውሃ 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። የሚወጣው ከሚገባው በሰከንድ በ2 ሜትር ኩብ ቢበልጥ፣ ወደ ቦታው ለመመለስ 29 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ያውም ዳግም ካልዘነበ ነው። በር ያለው ግድብ ቢኖር እንኳ እንደ ልብ አይከፈትም፤ ከታች ያሉት ሰዎች በተራቸው ይጥለቀለቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በሚኒሶታው ሚኒቶንካ ሐይቅ፣ በ2018 ደግሞ በዊስኮንሲን ማዲሰን ከተማ ዙሪያ ባሉት እንደ ሜንዶታና ሞኖና ባሉ ሐይቆች እንዲህ ዓይነት ገደብ ተጥሎ ነበር። ውሃው ለመውረድ ሳምንታት ፈጅቶበታል።

ገደቡ በቀን ብዛት ሳይሆን በመለኪያ እንጨቱ ላይ በሚነበበው ከፍታ መታሰር አለበት። ከፍታው ከተወሰነው በታች ከወረደ በኋላም ጥቂት ቀን ረግቶ እስኪቆይ ቢጠበቅ ደግ ነው። ዛሬ ተነሥቶ ነገ ዝናብ ሲመጣ የሚመለስ ትእዛዝ ማንም አያከብረውም። እርስዎ አስተዳደሩን መጠየቅ ያለብዎት "መቼ ይነሳል?" ብለው ሳይሆን "ስንት ሲደርስ ይነሳል?" ብለው ነው። ቁጥሩ በግልጽ ካልተለጠፈ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ እኔም እደግፍዎታለሁ።

በሐይቁ ሁሉ ላይ ከመከልከል ይልቅ ከዳር የተወሰነ ርቀት ብቻ መከልከል አይበቃም ወይ የሚሉ አሉ። በጣም ሰፊ ሐይቅ ላይ ሊሠራ ይችላል። በዊስኮንሲን ለምሳሌ በደህናውም ጊዜ ሞተር ጀልባ ከዳር በ30 ሜትር ውስጥ ሞገድ እንዳያስነሳ ሕጉ ያዛል። ለእርስዎ ባለ 800 ሜትር ሐይቅ ግን መልሱ ከላይ ያየነው ስሌት ነው፤ የትም ቢሆኑ ከዳር አልራቁም። ደግሞ ውሃው ሜዳው ላይ ሲወጣ "ዳር" የሚባለው የት እንደሆነ ራሱ ያከራክራል። ሐይቁ ሁሉ ሲከለከል ትእዛዙ ለሁሉም ግልጽ ነው፣ ለማስከበርም ይቀላል።

ገደቡ የማይሠራውንም ልናገር። ውሃውን በአንድ ሳንቲ ሜትር አይቀንስም። ነፋስንም አያቆምም። በትልቅና ገላጣ ሐይቅ ላይ ዳርቻን የሚበላው በዋነኝነት የነፋስ ሞገድ ነው፤ የጀልባው ድርሻ በዚያ ሲታይ ትንሽ ሊሆን ይችላል። የጀልባ ሞገድ የሚከፋው እንደ እርስዎ ባለ ጠባብና ከነፋስ በተጠለለ ሐይቅ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ዳርቻ ትልቅ ሞገድ ስለማያውቅ ራሱን አላዘጋጀም። ነፋስን መከልከል አንችልም፤ ሞተርን ግን ማጥፋት እንችላለን። ሸምበቆውን አሳጭዶ ዳሩን ላራቆተ ሰውም ገደቡ ብቻውን አይደርስለትም። ዳሩን የሚያድነው ተክሉን መልሶ ማብቀል ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ገደቡ እስኪነሳ ጀልባዎን አስረው ያቆዩ። ገመዱን ከፍ ካለው ውሃ ጋር አስተካክለው ደግመው ይሰሩት፤ ባለፈው ወር የታሰረ አጭር ገመድ አፍንጫዋን ጎትቶ ውሃ ሊያስገባባት ይችላል። ውሃው ላይ መውጣት ካማረዎት ቀዘፋ ወይም ሸራ አለ። አብዛኛውን ጊዜ እነሱን ገደቡ አይነካቸውም።

የግድ በሞተር መሄድ ካለብዎ፣ ከተነሡበት እስከሚደርሱበት በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡ፣ ይሂዱ። ሞተሩ በሚኒሞም ቢሆን የሚፈጥን ከሆነ ማርሹን እያስገቡና ዜሮ እያደረጉ ይጓዙ። ሰዎቹን ሁሉ ከኋላ አይሰብስቡ፤ ኋላዋ ሲከብድ ሞገዱ ያድጋል። ነፋስ በርትቶ በዚህ ፍጥነት መሪው እምቢ ካለዎት፣ ያ ቀን የመውጫ ቀን አይደለም። በውሃ ላይ የምትሮጥ ሞተር ሳይክል ካለችዎ ደግሞ ጨርሶ አያውጧት። የአብዛኞቹ መሪ የሚሠራው በሚረጨው ውሃ ስለሆነ፣ ነዳጅ ሲለቁ መሪዋም ይጠፋል። ተንሳፋፊ ግንድ በበዛበት ውሃ ላይ ይህ አደገኛ ነው። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ከመነሻው ይልበሱ፤ መቀመጫ ሥር አይቀመጥ።

የነፍስ አድንና የፖሊስ ጀልባዎች በፍጥነት ሲያልፉ ቢያዩ "ለእነሱ ተፈቅዶ ለእኛ?" አይበሉ። ለድንገተኛ ሥራ የተተወ ክፍተት ነው። በብዙ ቦታ ደግሞ የፍጥነት ገደብ ኖረም አልኖረ፣ ጀልባዎ ባስነሳው ሞገድ ለደረሰ ጉዳት የሚጠየቁት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ስለዚህ ትእዛዙ ነገ ቢነሳም እንኳ መጀመሪያ ዳሩን ይመልከቱ። ጠጠሩና የሸምበቆው ሥር ተመልሶ እስኪታይ ድረስ፣ ከሚኒሞ አይለፉ።